ከቦሌ ኤርፖርት ከነሻንጣ ወደ ቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቦሌ ኤርፖርት ከከተማ ውጭ አይደለም፤ ከተማው ራሱ ከቦታል። ከተርሚናሉ እስከ መስቀል አደባባይ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው የሚቸገረው ግን በእነዚህ 6 ኪሎ ሜትሮች አይደለም። ከተርሚናሉ በር እስከ መኪናው ባለችው ትንሽ መንገድ ነው። ሁለት ሻንጣ የያዘ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዋጋ ለመከራከር አቅም የለውም፤ ሹፌሮቹም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች ወደ አንድ ነገር ያጋድላሉ፦ ማን እንደሚወስድዎት፣ በስንት እና በምን መኪና የሚለውን ሻንጣው ከእጅዎ ሳይወጣ ይጨርሱ።

ምን ምን አማራጭ አለ?

ዘመድ ወይም ጓደኛ መጥቶ ይወስድዎታል። ሆቴል ከያዙ ሆቴሉ መኪና ይልካል። በአፕ ወይም በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች አሉ፤ ራይድና ፈረስን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል። ደጃፍ ላይ ተራ የሚይዙ ቢጫ ታክሲዎችም አሉ። ሚኒባስ ከግቢው ውጭ ይገኛል። ባቡር የለም። የከተማዋ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ተዘረጋ እንጂ ኤርፖርት አልደረሰም። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው።

ለእኔ የትኛው ይሻላል?

ከተማዋን የማያውቁ ከሆነና ሆቴል ካስያዙ ነገሩን አያወሳስቡት፤ የሆቴሉን መኪና ይጠይቁ። ቦሌ አካባቢ ያሉ ብዙ ሆቴሎች በነፃ ይወስዳሉ። በነፃ መሆኑን ግን ቀድመው በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ የበረራ ቁጥርዎንም ይላኩ።

ወደ ቤት የሚሄዱ ከሆነ በአፕ የሚጠራ ታክሲ ይሻላል። ዋጋው ይታወቃል፣ የሹፌሩ ስም ይታወቃል፣ ታርጋው ይታወቃል። ቢጫ ታክሲ የሚያዋጣው ስልክዎ ባትሪ ሲጨርስ፣ ኔትወርክ እምቢ ሲል ወይም ልጅ ታቅፈው መጠበቅ ሲያቅትዎ ነው። ውድ ነው፣ ግን ደጃፍ ላይ ነው።

ራይድ ወይም ፈረስ ኤርፖርት ላይ እንዴት ነው የሚጠራው?

አፑን ከመምጣትዎ በፊት ስልክዎ ላይ ይጫኑት። አፕ የማይመችዎ ከሆነ መደወል ይችላሉ፤ ራይድ በ8294፣ ፈረስ በ6090። የሚጠይቁዎት ያሉበትንና የሚሄዱበትን ቦታ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እዚህ አገር ሹፌር ሳይደውል አይመጣም። አፑ ላይ ያሉበት ቦታ ፍንትው ብሎ ቢታይም «የት ጋ ነዎት?» ብሎ መደወሉ አይቀርም። የውጭ ቁጥር ላይ ግን አይደውልም፤ ሌላ ተሳፋሪ ፍለጋ ይሄዳል። ስለዚህ ወይ የአገር ውስጥ ሲም ያውጡ፣ ወይ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ከቤቱ ሆኖ እንዲጠራልዎት ያድርጉ። ይህ ሁለተኛው ዘዴ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው። እህትዎ ትጠራለች፣ ሹፌሩ ለእሷ ይደውላል፣ እሷ ታርጋውን በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ትልክልዎታለች። በኤርፖርቱ ዋይፋይ ያነቡታል።

ሲጠሩ ተርሚናሉን ይለዩ። ዓለም አቀፍ በረራ በአብዛኛው ተርሚናል 2 ነው፣ በ2011 ዓ.ም. የተስፋፋው ትልቁ ሕንፃ። የአገር ውስጥ በረራ ተርሚናል 1 ነው። ጎን ለጎን ቢሆኑም ሻንጣ ለሚጎትት ሰው ቅርብ አይደሉም፤ ሹፌሩም በተሳሳተው በኩል ከገባ ተዟዙሮ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል።

መኪናው ሲመጣ መጀመሪያ ታርጋውን ያስተያዩ። «ራይድ ነኝ፣ ራይድ ነኝ» የሚል ሰው ሁሉ እርስዎ የጠሩት አይደለም። ትክክለኛው ሹፌር ስምዎን ያውቃል፤ እርስዎ ከመንገርዎ በፊት ማን ብሎ እንደመጣ ይጠይቁት።

ሹፌሩ «አፑን ላጥፋውና በስምምነት እንሂድ» ቢለኝስ?

እምቢ ይበሉ። ቅናሹ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን አፑ ሲጠፋ የጉዞው መዝገብ አብሮ ይጠፋል። ዕቃ ቢረሱ፣ ዋጋ ቢያከራክር፣ መንገድ ቢያዞር የሚደውሉበት ቦታ አይኖርዎትም።

ስንት ሻንጣ ይጫናል?

ይህ ጥያቄ ከዋጋው ይበልጣል፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከውጭ በኢኮኖሚ የሚመጣ መንገደኛ በብዙ መስመሮች 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይዞ ነው የሚገባው። በእጅ የሚያዘው ትንሹ ሻንጣ፣ የትከሻ ቦርሳውና ከዱቲ ፍሪ የተገዛው ፌስታል ሲጨመር የአንድ ሰው ጓዝ ይኸው ነው። አሁን ቪትዝ ደረሰ እንበል። ሹፌሩ የኋላውን ይከፍታል፤ ውስጥ ጎማ መቀየሪያና የውኃ ጀሪካን አለ። አንዱ ትልቅ ሻንጣ በቁሙ አይገባም፣ በጎኑ ተገፍቶ ይገባል። በሩ ግን አይዘጋም። ይወጣል፣ ይዞራል፣ እጀታው ወደ ውስጥ ይደረጋል፣ አሁን ይዘጋል። ሁለተኛው የኋላ ወንበር ላይ ይተኛል። ትንሹ በላዩ ላይ። እርስዎ ፊት ወንበር ላይ ፌስታሉን ጭንዎ ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። አንድ ሰው ከሆኑ ይኬዳል። ሁለት ከሆናችሁ አይሆንም።

እንደ ዲዛየር ያለ የኋላ ዕቃ መጫኛው ረዘም ያለ መኪና ሁለት ትልቅ ሻንጣ ብዙ ሳያስቸግር ይይዛል። ሁለት ሰው ከአራት ትልልቅ ሻንጣ ጋር ከሆናችሁ ሰፋ ያለ መኪና ይጥሩ፤ አፖቹ ላይ የመኪና ዓይነት መምረጥ ይቻላል። በስልክ ከጠሩም «አራት ትልቅ ሻንጣ አለ» ብለው አስቀድመው ይናገሩ። ሁለት ትንንሽ መኪና መጥራትም ያዋጣል፤ ግን ሻንጣ ብቻውን በአንዱ እንዳይሄድ፣ በየመኪናው አንድ ሰው ይግባ።

የመኪናው ጣሪያ ላይ ዕቃ ከተጫነ ገመዱን ራስዎ ይዩት። ክረምት ከሆነ ፕላስቲክ ይጠይቁ። የሐምሌ ዝናብ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ቢጫ ታክሲ ስንት ያስከፍላል?

ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ስለሚቀየር እዚህ ብር መጥቀስ ሰው ማሳሳት ነው። የሚሻለው ዘዴ ይህ ነው፦ አፑን ከፍተው መነሻ ኤርፖርት፣ መድረሻ ሰፈርዎን ያስገቡ። ሳይጠሩ የሚያሳይዎትን ግምት ይያዙ። ቢጫ ታክሲው ከዚያ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ እጥፍ ካለዎት ግን ይከራከሩ።

ንግግሩ በአብዛኛው እንዲህ ነው። «እስከ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ስንት ነው?» ሲሉት ቁጥሩን ሳይናገር ጋሪዎን ይይዛል። «ችግር የለም፣ እንስማማለን፣ ግቡ» ይላል። እዚህ ላይ ጋሪውን አይልቀቁ። ፈገግ ብለው «መጀመሪያ ሒሳቡን ንገረኝ» ይበሉ። ከተናገረ በኋላ ደግሞ «ሻንጣውንም ፓርኪንጉንም ጨምሮ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ይህች ሁለተኛ ጥያቄ ናት ቤት ደጃፍ ላይ ከሚነሳ ጭቅጭቅ የምታድነው። ሹፌሩ አይቀየምም፤ የለመደው ነገር ነው።

በሚኒባስ መሄድ አይቻልም?

ይቻላል፣ ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ ብቻ ከያዙ። ሚኒባስ ግቢው ውስጥ ስለማይገባ ወደ ቦሌ ድልድይ በእግር መውጣት አለብዎት፤ ከዚያ አካባቢ የስታዲየም፣ የፒያሳ፣ የሜክሲኮ፣ የመገናኛ ጥሪ ይሰማሉ። ትልቅ ሻንጣ ይዘው ከቀረቡ ረዳቱ ወይ አያስገባዎትም፣ ወይ ለሻንጣው የአንድ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል። ሒሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ ሻንጣው የሰው ቦታ ይዟል። ጠዋትና ማታ በሰልፍ ሰዓት ግን አይሞክሩት።

ብር ሳልይዝ ብመጣ? በዶላር መክፈል ይቻላል?

አይክፈሉ። መድረሻው አዳራሽ ውስጥ የባንክ መስኮቶች አሉ፤ ለታክሲና ለሲም የሚበቃ ይመንዝሩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን የባንክ ዋጋ ከዕለት ዕለት፣ ከባንክ ባንክ ይለያያል። ለጥቂት ብር ልዩነት ብለው ግን ሻንጣ እየጎተቱ መስኮት ለመስኮት መዞር አያስፈልግም።

ሲመነዝሩ ሁሉም ባለ 200 እንዳይሆን ይጠይቁ። «ዝርዝር የለኝም» የምትለው ቃል በከተማዋ የታወቀች ናት። ቴሌብር ያለው ዘመድ አብሮዎት ካለ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ሹፌሮች በደስታ ይቀበላሉ።

ሲም ካርድም እዚያው አዳራሽ ይገኛል። ፓስፖርት ይዞ መቅረብ በቂ ነው።

ዘመድ ሊቀበለኝ ይመጣል። የት እንገናኝ? በስንት ሰዓት ይምጣ?

የት ለሚለው፦ ተቀባይ ተርሚናሉ ውስጥ አይገባም። ውጭ፣ በመኪና ማቆሚያው በኩል ነው የሚጠብቀው። እዚያ አበባ የያዘ፣ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ፣ አንገቱን ያሰገገ ሰው ብዙ ስለሆነ «ውጭ ነኝ» ማለት ምንም አይጠቅምም። የሚታይ ነገር ይምረጡ፤ ምሰሶ፣ ምልክት፣ የመኪናው ቀለም።

በስንት ሰዓት ለሚለው ረዘም ላድርገው፤ ሰው ከቦሌ ብቻውን የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 07:30 የሚለው በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነው። 20:15 ምሽት 2 ሰዓት ከሩብ ነው። ይህንን አብዛኛው ሰው ያውቃል። የሚያሳስተው ሌሊቱ ነው። ቲኬቱ «ቅዳሜ 00:40» ካለ በፈረንጁ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሯል። በእኛ ግን ገና የዓርብ ሌሊት ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40። ለእናትዎ «ቅዳሜ ሌሊት 6 ሰዓት ከ40 እገባለሁ» ካሉ እርስዎ ከገቡ ከአንድ ቀን በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ለብሶ ቦሌ ይወርዳል። «ዓርብ ማታ፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40» ብለው ይንገሩ። የበረራ ቁጥሩንም ይላኩ፤ ቤት ውስጥ ኢንተርኔት የሚያውቅ ልጅ አይጠፋም፣ ይከታተለዋል።

አውሮፕላኑ አረፈ ማለት ደግሞ እርስዎ ወጡ ማለት አይደለም። የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ፣ የሻንጣ ጥበቃ አለ፣ ከዚያ ጉምሩክ ሻንጣውን በማሽን ያያል። ብዙ አውሮፕላን አንድ ላይ ባረፈበት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ቅርብ የሚኖር ዘመድ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ከቤት ቢነሳ ይደርሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። በሚኒባስ ኮንትራት አሥራ አንድ ሰው ሆኖ መምጣት ደስ ይላል፣ እልልታውም ያምራል። ግን ለሻንጣው ቦታ ይተዉ። ሲመለሱ ሁለት አጎቶች ታክሲ ይዘው የሚከተሉት በዚህ ነው።

ሌሊት ከገባሁ ችግር አለው?

መንገዱ ጭር ስለሚል ጉዞው ፈጣን ነው። ዋጋው ከቀኑ ከፍ ይላል። በአፕ ወይም በሆቴል መኪና ይሂዱ፤ መንገድ ላይ ቆመው አይፈልጉ። የጉዞውን መረጃ ለአንድ ሰው ይላኩ።

የሚረሳው የወዲያኛው ጫፍ ነው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የግቢው በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ዘበኛውም ተነግሮት እንደሆነ ይጠይቁ። ሹፌሩ ሻንጣ አውርዶ ሲሄድ እርስዎ በር እያንኳኩ መቅረት የለብዎትም። የሚቀበል ሰው ከሌለና አካባቢውን ካላወቁት እስኪነጋ ተርሚናሉ ውስጥ መቆየት ምንም ነውር የለውም።

ለሹፌሩ አድራሻ እንዴት ነው የምናገረው?

በሰፈርና በምልክት። የመንገድ ስም ቢነግሩት ብዙም አይረዳዎትም፤ ቦሌ መንገድ ራሱ በወረቀት አፍሪካ ጎዳና ነው፣ እንዲህ ብሎ የሚጠራው ግን የለም። «ገርጂ መብራት ኃይል»፣ «ሃያ ሁለት ጎላጉል»፣ «አያት 49» ካሉት ይበቃዋል።

ከአገር ከወጡ ዓመታት ካለፉ ግን ይጠንቀቁ። ፒያሳን ጨምሮ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ሰፈር ፈርሶ ተሠርቷል። «ከዚያች ፋርማሲ አጠገብ» የሚሉት ፋርማሲ ላይኖር ይችላል። የዛሬውን ምልክት ቤት ካሉት ሰዎች ይጠይቁ፣ ቢቻል የቤቱን ሎኬሽን ያስልኩ። በታደሱት ትልልቅ መንገዶች ላይ ደግሞ መኪና በፈለገበት ቆሞ ሻንጣ አያራግፍም፤ ሹፌሩ ይቀጣል። ውስጥ ለውስጥ ገብቶ የሚያወርድበትን ቦታ አስቀድመው ይስማሙ።

ትራፊኩ እንዴት ነው? የትኛው መንገድ ይሻላል?

ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ10 ተኩል እስከ 2 ሰዓት ድረስ ይጨናነቃል። በሌሊት በጥቂት ደቂቃ የሚያልቀው መንገድ ያኔ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሁሉም ሰው በቦሌ መንገድ መሄድ የለበትም። ወደ ገርጂ፣ ሲኤምሲ ወይም አያት የሚሄዱ ከሆነ ከቦሌ ድልድይ በቀለበት መንገዱ ወደ ኢምፔሪያልና መገናኛ ይሻላል። ሳሪስ ወይም ቃሊቲ ከሆነ በቦሌ ሚካኤል በኩል ነው። ሹፌሩ በወሎ ሰፈርና በኦሎምፒያ ሊወስድዎት የሚገባው ወደ መሀል ከተማ ከሆነ ነው።

መንገድ የሚዘጋባቸውን ቀኖች ይወቁ። መስከረም 16 ለደመራ መስቀል አደባባይ ዝግ ነው። ጥር 10 እና 11 ታቦት ይወጣል፣ ይገባል። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ አለ። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲሆን መሪዎች የሚገቡት በዚሁ በቦሌ ነው፤ «እንግዳ እየገባ ነው» ከተባለ ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ ነው።

ሻንጣዬ ባይመጣ ወይም ተሰብሮ ቢመጣስ?

ከአዳራሹ ሳይወጡ ያመልክቱ። ከወጡ በኋላ ተመልሶ መግባት ሌላ ጣጣ ነው። አየር መንገዱ የሻንጣ አገልግሎት ጠረጴዛ ላይ ቅጽ ያስሞላዎታል፤ የማመልከቻ ቁጥሩን ይያዙ። ሻንጣ ሲያስረክቡ የሰጡዎት ትንሿ የመለያ ወረቀት የምታስፈልገው አሁን ነው፣ አይጣሏት። በዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ሻንጣው ተጎድቶ ከደረሰ በተረከቡ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከደረሰ ደግሞ በተረከቡ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ቅሬታ ማቅረብ አለብዎት። ቅጹ ላይ የሚደርስዎትን የአገር ውስጥ ስልክ ይጻፉ።

ወደ ክልል የምቀጥል ከሆነስ?

በአውሮፕላን ከሆነ መነሻ ላይ ሻንጣ ሲያስረክቡ መለያው ላይ የተጻፈው መድረሻ አዲስ አበባ ነው ወይስ የመጨረሻው ከተማ ብለው ይጠይቁ። አዲስ አበባ ከሆነ ከተርሚናል 2 ይዘውት ወጥተው ተርሚናል 1 እንደገና ያስረክባሉ፤ ለዚህ በቂ ሰዓት ይተዉ። የአገር ውስጥ በረራ የሚፈቅደው ኪሎም ከዓለም አቀፉ ሊያንስ ስለሚችል አብረው ይጠይቁ።

በአውቶቡስ ከሆነ የረጅም ርቀት አውቶቡስ የሚነሳው ገና ሳይነጋ ነው። መርካቶ፣ ቃሊቲ፣ ላምበረት፣ አየር ጤና እያለ መናኸሪያው ይለያያልና ቲኬቱ ላይ ያለውን መነሻ ያንብቡ። ከሰዓት የገባ ሰው አንድ ሌሊት ቢያድር ይሻለዋል።

መኪና ውስጥ ዕቃ ረስቼ ብወርድስ?

በአፕ ከሄዱ የጉዞ ታሪኩን ከፍተው ለሹፌሩ ይደውሉ፤ ካላነሳ ወደ ጥሪ ማዕከሉ። ዘመድ ጠርቶልዎት ከሆነ መረጃው ያለው እሱ ስልክ ላይ ነው። በቢጫ ታክሲ የሚሄዱ ከሆነ ከመግባትዎ በፊት ታርጋውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ሲወርዱ ደግሞ ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊት ሻንጣዎቹን ይቁጠሩ፤ በተለይ የኋላ ወንበር ሥር የገባውን ፌስታል።